የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች እንዳይበተኑባችሁ፦ ከበጀት እስከ መተካት፣ ደረጃ በደረጃ

አብዛኛው የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች (ቤት ለቤት እየዞሩ የሰፈራቸውን ሰው ጤና የሚከታተሉ) ፕሮግራም የሚጀምረው ከሥልጠና ነው። አዳራሽ ይያዛል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ሰርተፍኬት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል። በዓመቱ ተመልሳችሁ ስትሄዱ ከሰልጣኞቹ ብዙዎቹ የሉም። የቀሩትም ክፍያ ዘግይቶባቸዋል፣ የመድኃኒት ቦርሳቸው ባዶ ነው፣ ሱፐርቫይዘር የሚባል ሰው ካዩ ቆይተዋል። ከዚያ "ተነሳሽነት ስለሌላቸው ነው" ይባልና ሌላ ሥልጠና ይታቀዳል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

ችግሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ የሥራ መደቡ፣ ክፍያው፣ ሱፐርቫይዘሩና የመድኃኒቱ መንገድ ይዘጋጁ። ሰው የሚመለመለው ከዚያ በኋላ ነው። ሥልጠና ደግሞ ከምልመላም በኋላ ይመጣል። አዲስ ለሚያቋቁምም፣ የሚንገዳገድ ፕሮግራም ለተረከበም ሰው መንገዱ አንድ ነው፤ የተረከባችሁት ከሆነ ግን ከደረጃ 2 ጀምሩ፣ ምክንያቱም ያልተከፈለው ሰው ነገ ሊሄድ ይችላል።

ከመጀመራችሁ በፊት በእጃችሁ ይኑር

- የአካባቢው ካርታና የቤተሰብ ብዛት። ግምት ሳይሆን የተቆጠረ።
- በቅርቡ ያለው ጤና ጣቢያ ያለፈው ዓመት መዝገብ። ሰው በብዛት በምን እንደሚታመም ከዚያ ታገኛላችሁ።
- እዚያው አካባቢ አስቀድመው የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች፣ አዋላጆችና የሌሎች ፕሮጀክቶች ሠራተኞች ዝርዝር።
- ክፍያውን የሚፈርመው ሰው ስም። "ቢሮው ይከፍላል" አይበቃም። ስሙና ወንበሩ ይታወቅ።

የመጨረሻውን ማግኘት ካቃታችሁ ወደፊት አትሂዱ።

ደረጃ 1፦ ሥራውን በሰዓት ቁጠሩ

ሠራተኛዋ ምን እንደምትሠራ በአንድ ገጽ ጻፉ። (ወንድም ሊሆን ይችላል፤ እዚህ "ሠራተኛዋ" እያልኩ የምቀጥለው በብዙ አገር ሥራው የሴቶች ስለሆነ ነው።) ሁለተኛ ገጽ ካስፈለጋችሁ ሥራው ከአሁኑ በዝቷል።

ከዚያ ሰዓቱን አስሉ። 200 ቤት ተሰጣት እንበል። እያንዳንዱን ቤት በወር አንዴ ታያለች። ጉብኝቱ 30 ደቂቃ፣ ከቤት ቤት መንገዱ 15 ደቂቃ። 200 በ45 ሲባዛ 9,000 ደቂቃ፣ ማለትም 150 ሰዓት። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 20 ቀን ብትሠራ ያላት 160 ሰዓት ነው። የቀራት 10 ሰዓት። በዚያች 10 ሰዓት ሪፖርት ትጽፋለች፣ መድኃኒት ልታመጣ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣ ስብሰባ ትቀመጣለች፣ ልጁ አተኩሶት በሌሊት በር ለሚያንኳኳ ወላጅም ትነሳለች። አይሆንም። ወረቀት ላይ ያልሆነ ነገር ሜዳ ላይ አይሆንም።

የሌላ አገር ቁጥር ገልብጣችሁ አትውሰዱ። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ፖሊሲ ለአንድ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ቢበዛ 750 ሰው ብላ ነበር። ሕንድ "አሻ" የሚባሉትን ሠራተኞች የመደበችው ለ1,000 ሰው ገደማ አንድ እያለች ነው። ኢትዮጵያ በአንድ ቀበሌ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብላ ጀመረች። የሥራው ዓይነት ይለያያል፣ የቤቶቹ ርቀትም ይለያያል። እናንተ የራሳችሁን አስሉ።

*ሂሳቡ እምቢ ካለ፦* ጉብኝቱን በስጋት ለዩት። ነፍሰ ጡር፣ አራስ፣ ከ5 ዓመት በታች ልጅና የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለበት ቤት በወር ይታይ። ሌላው በሦስት ወር አንዴ ይበቃዋል። ይህም ካልበቃ ሰው ጨምሩ ወይም ሥራ ቀንሱ።

አንድ ደንብ ከአሁኑ ጻፉና በኃላፊ አስፈርሙ፦ አዲስ ሥራ ሲጨመር ወይ ሌላ ሥራ ይነሳል፣ ወይ ክፍያና ሰው ይጨመራል። ይህ ደንብ ከሌለ የክትባት ዘመቻው፣ የአጎበር ማደሉ፣ የቤት ቆጠራው፣ የሌላው መሥሪያ ቤት ቅጽ ሁሉ እሷ ላይ ይወድቃል። ሁሉም "ትንሽ ነገር ናት" እያለ ነው የሚመጣው።

ደረጃ 2፦ ገንዘቡን ከሰው በፊት አግኙ

የሥልጠና በጀት ብቻ ይዞ የሚጀመር ነገር የለም። የአንዲትን ሠራተኛ የዓመት ወጪ ስታሰሉ ክፍያዋን ብቻ አትቁጠሩ። የሱፐርቫይዘሯ ደመወዝና መጓጓዣ፣ መድኃኒቱ፣ የሚያረጀው ቦርሳ፣ የሚሰበረው ቴርሞሜትር፣ የዝናብ ልብስና ባትሪ፣ በየዓመቱ የሚሰጠው ማደሻ ሥልጠና፣ የወሊድና የሕመም ፈቃድ፣ በምትለቅ ሠራተኛ ምትክ የምትመጣውን ማሰልጠኛ። የመጨረሻዋን ሁሉም ይረሳታል።

*የክፍያው ዓይነት።* በወር የታወቀ ቋሚ ክፍያ ይኑር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ክፍያው ከሥራው ክብደት፣ ከሰዓቱና ከሥልጠናው ጋር የሚመጣጠን እንዲሆን ይመክራል፤ ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በውጤት ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠልም ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ ዋጋ ካወጣችሁ፣ ዋጋ የወጣለት ይሠራል፤ አራሷን ቁጭ ብሎ ማነጋገር ግን ዋጋ የለውምና ይቀራል። የሕንድ አሻዎች የሚያገኙት በአብዛኛው በተሠራ ሥራ የሚታሰብ ማበረታቻ ነው፤ ለዓመታት ቋሚ ክፍያ ይሰጠን እያሉ አደባባይ ሲወጡ ቆይተዋል። በቋሚው ላይ ትንሽ ማበረታቻ ልትደርቡ ትችላላችሁ፣ ይዞ የሚያቆያት ግን ቋሚው ነው።

"በጎ ፈቃደኛ" የሚለው ቃል ላይም ጥንቃቄ አድርጉ። በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚሠራ በጎ ፈቃደኛ ይኖራል። በሳምንት አምስት ቀን የሚሠራ፣ ሪፖርት የሚያቀርብ፣ ሲቀር የሚጠየቅ በጎ ፈቃደኛ ግን የለም። ያ ያልተከፈለው ሠራተኛ ነው።

*ውል።* በጽሑፍ ይሁን፣ ባጭሩ፣ ሠራተኛዋ በምታነበው ቋንቋ። ሥራዋ፣ ሰዓቷ፣ ክፍያዋና የሚከፈልበት ቀን፣ ፈቃዷ፣ ጥቃት ወይም ትንኮሳ ቢደርስባት ለማን እንደምታመለክት። አንዱ ቅጂ እሷ ጋ ይቅር። ፋይል ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ውል ለይስሙላ ነው።

*ለጋሽ ካለ።* ፕሮጀክቱ 5 ዓመት ከሆነ የመንግሥት ድርሻ በ5ኛው ዓመት ሳይሆን በ1ኛው ዓመት ይጀምር። ትንሽም ቢሆን። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም የሥራ መደቡ መዋቅር ውስጥ ይገባል፣ በጀት ሲያዝ መስመር ይኖረዋል፣ ከዚያ በየዓመቱ ማሳደግ ይቻላል። መዋቅር ውስጥ የሌለን መደብ በመጨረሻው ዓመት አስገቡልን ብሎ መለመን ሌላ ጣጣ ነው። የክፍያ መጠኑንም መንግሥት ነገ ሊሸከመው በማይችለው ልክ አትስቀሉት፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ክፍያ የተቀነሰባት ሠራተኛ ምንም ካልነበራት ቀድማ ትሄዳለች።

*መንግሥት "እናየዋለን" ብቻ ካለ፦* ቁጥሩን ቀንሱ። ነገም ሊከፈላቸው የሚችሉ 40 ሠራተኞች፣ በሁለት ዓመት ከሚበተኑ 200 ይሻላሉ። ለጋሹ ይህን መስማት ላይወድ ይችላል። ንገሩት።

*ክፍያ ከዘገየ፦* ቀኑ ከመድረሱ በፊት ንገሯቸው፤ ለምን እንደዘገየና መቼ እንደሚገባ። አታባብሉ፣ ቀኑን ተናገሩ። በዚያ ወር ዘመቻም ሆነ ተጨማሪ ስብሰባ አትጥሩ። ሁለተኛው ወር ላይ ከደረሰ መደበኛ ጉብኝቱን ቀንሳችሁ የታመመ ሕፃንና አራስ ላይ ብቻ እንዲሠሩ ፍቀዱ፤ ቅነሳውንም ከእነሱ ጋር ተስማሙበት። ጆሮ ዳባ ልበስ ካላችሁ ሥራው ራሱ ይቀንሳል፣ ያኔ ግን የትኛው እንደቀነሰ አታውቁም።

ደረጃ 3፦ ሱፐርቫይዘርና ጤና ጣቢያ አያይዙ

እያንዳንዷ ሠራተኛ በስም የምታውቀው አንድ ሱፐርቫይዘርና በሽተኛ የምትልክበት አንድ ጤና ጣቢያ ይኑራት። ሱፐርቫይዘሩ እያንዳንዷን በወር አንድ ሙሉ ቀን ሜዳ ላይ ካየ፣ ሪፖርትና ስብሰባ ሲቀነስ፣ ከ12 እስከ 15 ሠራተኛ ነው የሚችለው። 40 ከሰጣችሁት ስልክ ይደውላል እንጂ አይሄድም።

የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን ቀድማችሁ አነጋግሩ። እሷ የላከችውን በሽተኛ "ማን ነው ወደዚህ ያላችሁ?" ብለው ከመለሱት፣ ሰፈር ውስጥ ያላት ክብር በአንድ ቀን ያልቃል። የሪፈራል ወረቀቱ የምላሽ ክፍል ይኑረው፤ ባለሙያው ያየውን ጽፎ ይመልስላት።

ደረጃ 4፦ ምልመላ

መመዘኛውን ሰው በሚያይበት ቦታ ለጥፉ። እዚያው የምትኖር፣ ሰፈሩ የሚቀበላት፣ ለሥራው የሚበቃ ማንበብና መጻፍ የምትችል። ዕድሜንና ያገባች ያላገባችን መከልከያ አታድርጉ። የትምህርት መስፈርቱንም ያለልክ አትስቀሉ፤ ዲፕሎማ ከጠየቃችሁ ከሰፈሩ ሰው አታገኙም፣ ከከተማ የምትመጣዋ ደግሞ ዝውውር ስትጠብቅ ትኖራለች።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን፦

1. ኅብረተሰቡ በግልጽ ስብሰባ ለአንድ ቦታ ሦስት ሰው ይጠቁም። አንድ ብቻ እንዲጠቁም አትፍቀዱ።
2. ጤና ጣቢያው ይፈትን። የቃል ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የመድኃኒት መለያ ታንብብ፣ ቅጽ ትሙላ፣ የተቆጣች እናት ሆኖ ለሚቀርብ ባለሙያ መልስ ትስጥ።
3. ውጤቱ በዚያው ስብሰባ ይነበብ።
4. ያለፉት ግን ያልተመደቡት በተጠባባቂ ይመዝገቡ። ይህ ዝርዝር ደረጃ 8 ላይ ያስፈልጋችኋል።

*የሊቀ መንበሩ እህት ብቻ ከተጠቆመች፦* አትጣሉ። "መመሪያው ሦስት ስም ይላል" በሉና ስብሰባውን ለሌላ ቀን አዛውሩ። በሚቀጥለው ሴቶች በብዛት እንዲመጡ ሰዓቱን ለእነሱ አመቻቹ። ሦስት ሆነው ከቀረቡና እህትየው ፈተናውን ካለፈች ትመደብ፤ ዝምድና ወንጀል አይደለም።

ደረጃ 5፦ ሥልጠና፣ አሁን

የሥልጠናውን ርዝመት የሚወስነው ሥራው ነው። ቤት ለቤት ምክር ብቻ ለምትሰጥና የሳንባ ምች ለምታክም ሠራተኛ እኩል ቀን አይበቃም። ሁሉንም አንድ ላይ አትጋቱ። አንድ ሁለት ሥራ አስተምሩ፣ ሜዳ ወርደው ይሥሩበት፣ ተመልሰው ቀጣዩን ይማሩ። ግማሹ ጊዜ በሽተኛ ባለበት ክፍል ይሁን።

ሰርተፍኬት ለተገኘ ሰው ሁሉ አትስጡ። ስትሠራ አይታችሁ ስጡ። ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት) ትበጥብጥ፣ የልጅ ክንድ በሙዋክ ቴፕ (የክንድ ዙሪያ መለኪያ) ትለካ፣ ውጤቱን ትናገር፤ ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ115 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት መሆኑን ሳታመነታ ትበል።

*የወደቀች ካለች፦* የወደቀችበትን ብቻ ድገሙላት። ሁለት ጊዜ ደግማ ካልቻለች ከተጠባባቂዎቹ ጥሩ። ይሉኝታ እዚህ ጋ አይሠራም፤ መድኃኒት ነው የምትይዘው።

ደረጃ 6፦ ቦርሳው ባዶ እንዳይሆን

ባዶ እጇን የምትመጣ ሠራተኛን ሰው አንዴ ይታገሳል፣ ሁለቴ ይታገሳል፣ ሦስተኛው ላይ በር አይከፍትም። ስለዚህ መድኃኒቱ በግምት ሳይሆን በስሌት ይታዘዝ። በወር 40 ከረጢት ኦአርኤስ ትጠቀማለች፣ መድኃኒት በየወሩ ይመጣል፣ የአንድ ወር መጠባበቂያ ይያዝላት። ጣሪያው 80 ሆነ። በማዘዣው ቀን ቦርሳዋ ውስጥ 25 ካለ 55 ታዛላችሁ። በቃ።

የምትረከበው ደግሞ ለወርሃዊ ስብሰባ ጤና ጣቢያ በመጣችበት ቀን ይሁን። መድኃኒት ለብቻው ሌላ ቀን ከጠራችኋት የመንገዱን ወጪ ከኪሷ ነው የምታወጣው።

*ጤና ጣቢያው ራሱ ካለቀበት፦* በጎረቤት ሠራተኞች መካከል አሸጋሽጉና መዝግቡ። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገውን ልጅ በሽሮፕና በምክር አትያዙት፣ መድኃኒት ወዳለበት ይላክ። ያለቀበትን ቀንና የመጣበትን ቀን ጻፉ፤ በጀት ስትጠይቁ "ብዙ ጊዜ ያልቃል" ከማለት "በሦስት ወር ውስጥ 31 ቀን አልነበረም" ማለት ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ሱፐርቪዥን

እዚህ ጋ ነው ብዙው ነገር የሚበላሸው። ሱፐርቫይዘሩ ይመጣል፣ መዝገቡን ያገላብጣል፣ ይፈርማል፣ "በርቱ" ብሎ ይሄዳል። ይህ ጉብኝት አይባልም።

የአንድ ቀን ጉብኝት ይህን ይመስላል፦

*ጠዋት፣ አብሮ ማየት።* ሱፐርቫይዘሩ ከእሷ ጋር የታመመ ልጅ ቤት ይግባ። ዝም ብሎ ይይ። የምትሳል የ8 ወር ሕፃን ናት እንበል። ሠራተኛዋ ትንፋሽ ስትቆጥር ሱፐርቫይዘሩም በራሱ ሰዓት አብሮ ይቁጠር። የሕፃኗ ልብስ ከደረቷ ተነስቷል? ሕፃኗ ተረጋግታለች ወይስ እየጠባች ነው? ሙሉ አንድ ደቂቃ ተቆጠረ ወይስ 30 ሰከንድ ተቆጥሮ በሁለት ተባዛ? የሕፃን ትንፋሽ ወጥ አይደለም፤ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ ማባዛት ያሳስታል። እሷ 46 አለች፣ እሱ 53 ቆጠረ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ልጅ 50 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ። ስለዚህ በእሷ ቁጥር ሕፃኗ ጉንፋን ይዟት ነው፣ በእሱ ቁጥር የሳንባ ምች አለባት። ይህን ልዩነት የትኛውም መዝገብ አያሳይም።

እናትየዋ ፊት አያርማት። "እስቲ አብረን አንዴ እንድገመው" ይበል። ወቀሳ ካለው መንገድ ላይ ይንገራት።

*ከሰዓት፣ ያለሷ መሄድ።* ከመዝገቡ አምስት ቤት በዘፈቀደ ይምረጥና ብቻውን ይሂድ። መጥታ ነበር? ምን ሰጠች? ስንት ቀን ውሰዱ አለች? ዚንክ የተሰጠው ልጅ ካለ የቀረውን ፍሬ አሳዩኝ ይበል። ዚንክ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ግማሹ ፓኬት መሳቢያ ውስጥ ከተገኘ ምክሩ አልተሰማም ማለት ነው።

*ሲጨርስ።* ሁለት ነገር ብቻ ይጻፍ፦ እሷ እስከሚቀጥለው ወር የምታስተካክለው አንድ ነገር፣ እሱ ለእሷ የሚፈጽመው አንድ ነገር። በሚቀጥለው ወር ጉብኝቱ ከዚያች ወረቀት ይጀምር። የእሱ ሁለት ወር ካልተፈጸመ የሚጠየቀው እሱ ነው።

*መዝገቡ ውሸት ሆኖ ከተገኘ፦* መጀመሪያ የደረጃ 1ን ሂሳብ አውጡ። ብዙ ጊዜ የውሸት ሪፖርት የሚመጣው የማይደረስበት ኮታ ከተሰጠ ነው። ሥራው ተመጣጣኝ ሆኖ ሳለ ካልሄደች አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡ፣ ከተደገመ አሰናብቱ። ሌሎቹ እያዩ ነው።

*ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከደረሰባት፦* ወደዚያ ቤት ብቻዋን አትመለስም። የማታ ጥሪ ሁሉ ሁለት ሆኖ ይሁን፣ ካልሆነ በሽተኛው ወደሷ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ። አቤቱታው በሱፐርቫይዘሯ በኩል ብቻ እንዳያልፍ ሌላ መንገድ አብጁ፤ አንዳንዴ የሚተናኮለው እሱ ራሱ ነው።

ስለ ሪፖርት ባጭሩ፦ በቅጹ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ጥያቄ እያነሳችሁ "በዚህ ማን ምን ይወስናል?" በሉ። መልስ ከሌለው ሰርዙት። በስልክ አፕ የምትሠሩ ከሆነ ስልኩ ሲሰበር ማን እንደሚጠግን፣ ቻርጅ የት እንደሚደረግ አስቀድማችሁ ወስኑ፣ የወረቀት መዝገቡንም አትጣሉ።

ደረጃ 8፦ የምትሄደውን ተኩ፣ የምትቆየውን አሳድጉ

ሰው ይለቃል። ታገባለች፣ ትማራለች፣ የተሻለ ታገኛለች። ይህን ከመጀመሪያው አስሉት። ከ100 ሠራተኛ በዓመት 15 በመቶው ቢለቅና ሥልጠና በሁለት ዓመት አንዴ ብቻ ቢኖር፣ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 72 ናቸው ያላችሁ። 28 ሰፈር ያለ ሰው ቀረ። ስለዚህ በትንሹ በዓመት አንዴ የመተኪያ ሥልጠና በጀት ይያዝ፣ ተጠባባቂዎቹም ይጠሩ።

ለመልቀቅ የአንድ ወር ማስታወቂያ ይኑር። በዚያ ወር ነባሯ አዲሷን ይዛ ቤት ለቤት ትዙር። መዝገቡንና የቀረውን መድኃኒት ቆጥራ በፊርማ ታስረክብ። በድንገት ከጠፋች ሱፐርቫይዘሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነፍሰ ጡሮችንና መድኃኒት የጀመሩትን ይድረስ፤ ሌላው ይቆይ።

ለምትቆየው መሰላሉ ይታይ። ከሠራተኛ ወደ ከፍተኛ ሠራተኛ፣ ከዚያ ወደ ሱፐርቫይዘርነት፣ ወይም ወደ ነርስነትና አዋላጅነት ትምህርት። ኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን እያስተማረች ወደ ደረጃ 4 የሙያ ብቃት ስታሳድግ ቆይታለች። ገንዘቡ ለሁሉም ባይበቃ እንኳ በየዓመቱ ስንት ቦታ እንዳለና በምን እንደሚመረጥ ለጥፉ። ለትምህርት የምትሄደዋ ቦታ ላይ ሰው ሳይተካ አትላኩ፣ አለዚያ እድገቷን ሰፈሩ ነው የሚከፍለው።

በየሦስት ወሩ አራት ነገር ብቻ እዩ፦ ክፍያ በቀኑ የደረሳቸው ስንት ናቸው፣ ኦአርኤስና አሞክሲሲሊን (የሳንባ ምች አንቲባዮቲክ) ያላለቀባቸው ስንት ናቸው፣ በወሩ ሜዳ ላይ ሱፐርቫይዘር ያያቸው ስንት ናቸው፣ የለቀቁት ስንት ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዱ ለሁለት ተከታታይ ሩብ ዓመት ካሽቆለቆለ አዲስ ሰፈር መክፈታችሁን አቁሙና ያንን ጠግኑ፤ የለቀቁት ቁጥር የሚጨምረው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ጥገናው ሌላ ዙር ምልመላና ሥልጠና ያስወጣችኋል።